በቁልፍ ቁጥር ብሎን አትግዙ፦ ሻንሲ ላይ ዕቃ ለማሰር ትክክለኛውን ብሎን እንዴት እንምረጥ

ድሬዳዋ ውስጥ ብሎን ሲገዛ ቆም ብላችሁ አዳምጡ። ገዢው «አቦ፣ የ17 ብሎን አለህ?» ይላል። ሻጩ «ሞልቷል፤ አጭር ነው ረጅም?» ብሎ ይመልሳል። በዋጋ ተከራክረው ይለያያሉ። 17 ግን ብሎኑ የሚፈታበት የቁልፍ ቁጥር ነው፤ ስለ ብሎኑ ውፍረት የሚናገረው ነገር የለም። ከቶዮታ ሻንሲ ላይ በ17 ቁልፍ የተፈታ ብሎን ብዙውን ጊዜ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው። ከግንባታ ዕቃ መደብር የሚወጣው የ17 ብሎን ደግሞ በአብዛኛው 10 ሚሊ ነው። ሰውየው ቤቱ ሄዶ ሲሞክረው ቀዳዳው ውስጥ ይንቀዋለላል። ይህ ወዲያው ስለሚታወቅ ቀላሉ ችግር ነው። ውድ የሚያስከፍለው ውፍረቱ ልክ ሆኖ ጥርሱ የተለየ ሲሆን ነው፤ ወደዚያ እንመጣለን።

መመሪያው ፒክአፕ፣ ላንድክሩዘር ወይም አይሱዙ ላይ የብረት ፓራውልት፣ የጎን መወጣጫ፣ የመጎተቻ መንጠቆ፣ የትርፍ ጎማ መያዣ ወይም ተጨማሪ የነዳጅ ታንክ ለማሰር ላሰበ ሰው ነው። ሥራውን መካኒክ ቢሠራውም ብሎኑን ራሳችሁ ግዙ እላለሁ። ጋራዥ ውስጥ ከአሮጌ ብሎን ጣሳ ተፈልጎ «ይኸው ገጠመ» የተባለ ብሎን ከየትኛው መኪና፣ ከየትኛው ቦታ እንደወጣ የሚያውቅ ሰው የለም።

መኪናችሁ ሻንሲ አለው ወይ?

ሂሉክስ፣ ላንድክሩዘርና አይሱዙ ከአካላቸው የተለየ ሻንሲ አላቸው፤ ሁለት ረጃጅም ብረቶች ከፊት እስከ ኋላ ሄደው በመስቀለኛ ብረቶች ይያያዛሉ። ሐረር ላይ በታክሲነቱ የሚታወቀው ፔጆ 404 ግን ጠንካራ ቢሆንም የተለየ ሻንሲ የለውም። ሸክሙን የሚችለው አካሉ ራሱ ነው። ኮሮላና ቪትዝም እንደዚያው ናቸው። እነዚህ ላይ ከባድ ነገር በቀጭን ቆርቆሮ ላይ በብሎን ብቻ ብታስሩ ቆርቆሮው ቀስ እያለ ይቀደዳል። ፋብሪካው አስቀድሞ ያጠናከረውን ቦታ መፈለግ ወይም ከጀርባ ሰፊ ደጋፊ ላሜራ ማስገባት ግድ ነው። ከዚህ በታች ያለው በዋናነት ሻንሲ ላላቸው ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ያለውን አንብቡ

የድሮውን ብሎን ፍቱት። ዝገት ከያዘው ዘይት ነክራችሁ አሳድሩት፤ ቁልፍ ላይ ቱቦ ሰክቶ መታገል መጨረሻው ብሎኑን መበጠስ ነው። ከወጣ በኋላ በሽቦ ብሩሽ አጽዱትና ሦስት ነገር ለኩ፦ ውፍረቱን፣ ጥርሱንና ርዝመቱን። ርዝመት የሚለካው ከጭንቅላቱ ሥር እስከ ጫፉ ነው፤ የባለ ስድስት ማዕዘን ብሎን ጭንቅላት አይቆጠርም።

ውፍረቱ በካሊበር (ባለ መንጋጋ መለኪያ) የጥርሱ ጫፍ ላይ ይለካል። 9.8 ወይም 9.9 ካነበባችሁ ብሎኑ 10 ሚሊ ነው፤ ከስም ቁጥሩ ትንሽ ማነሱ ልማዱ ነው። 9.5 ካነበባችሁ ግን ጠርጥሩ፤ 3/8 ኢንች ሊሆን ይችላል። የድሮ ላንድሮቨርና የአሜሪካ መኪኖች ላይ የኢንች ብሎን ብዙ ነው። 5/16 ኢንች 7.94 ሚሊ ስለሆነ ከ8 ሚሊ ጋር በዓይን አይለይም፤ ጥርሱ ግን አይገናኝም።

አሁን ወደ ጥርሱ። ብሎን ላይ «ኤም 10 × 1.25» ሲባል 10 ውፍረቱ፣ 1.25 ደግሞ ከአንዱ ጥርስ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት በሚሊ ሜትር ነው። ቶዮታን ጨምሮ የጃፓን መኪኖች ላይ 8 ሚሊው፣ 10 ሚሊውና 12 ሚሊው ብዙ ጊዜ ሦስቱም 1.25 ጥርስ አላቸው። ግንባታ ዕቃ መደብር ውስጥ ያለው ተራ ብሎን ግን 8 ሚሊው 1.25፣ 10 ሚሊው 1.5፣ 12 ሚሊው 1.75 ነው። ስለዚህ 8 ሚሊ ላይ ሁለቱ ይገጥማሉ፣ 10 እና 12 ላይ አይገጥሙም። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው፦ ትንሹን ብሎን ከሰፈር ሱቅ ገዝቶ ልክ ሲሆንለት ትልቁንም ከዚያው ይገዛል።

ጥርስ ለመቁጠር ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። የተማሪ ማስመሪያ ያዙ፣ ብሎኑን ብርሃን ባለበት አጋድሙት፣ የማስመሪያውን ዜሮ በአንዱ ጥርስ ጫፍ ላይ አድርጉና እስከ 15 ሚሊ ሜትር ድረስ ስንት ክፍተት እንዳለ ቁጠሩ። 12 ከሆነ ጥርሱ 1.25 ነው፤ 10 ከሆነ 1.5፤ 15 ከሆነ 1.0። ስምንት ተኩል ገደማ ላይ ከቆመ 1.75 ነው። ሌላው ዘዴ ጥርሱን የምታውቁትን ብሎን ከማታውቁት ጎን አስተኝቶ ጥርስ ለጥርስ ማጋጠምና ወደ ብርሃን ማንሳት ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ብርሃን ሳያሾልክ ከተቆላለፈ አንድ ናቸው። መጀመሪያው ላይ ገጥሞ መሀል ላይ ከተንሸዋረረ የተለያዩ ናቸው።

ይህን ሳያደርጉ የገቡበት ሰዎች የሚደርስባቸው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። 1.5 ጥርስ ያለው ብሎን በ1.25 ዳዶ (ብሎኑ የሚጠብቅበት ባለ ጥርስ ቀለበት) ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ዙር በጣት ይገባል፣ ከዚያ ይጠብቃል። «ዝገት ነው» ተብሎ ቁልፍ ይመጣል፤ ቁልፉ ሲያቅተው ቱቦ ይሰካበታል። ሻንሲው ላይ ብዙው ዳዶ ከውስጥ በኩል ተበይዶ የተቀመጠ ነው። ሲገፋ ወይ ጥርሱ ይላጣል፣ ወይ ብየዳው ተገንጥሎ ዳዶው ከብሎኑ ጋር አብሮ መዞር ይጀምራል። ሻንሲው እንደ ሳጥን የተዘጋ ከሆነ ዳዶውን በቁልፍ የምትይዙበት መንገድ የለም፤ ብረቱን ከፍቶ፣ አዲስ ዳዶ በይዶ መዝጋት ይመጣል። በጥቂት ብር ብሎን የተጀመረ ሥራ የብየዳ ሥራ ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ አንድ ደንብ ያዙ፦ ማንኛውም ብሎን የመጀመሪያውን ጉዞ በጣት ብቻ ይሂድ። ቢያንስ አምስት ስድስት ዙር ያለ ቁልፍ ካልገባ አውጡት። ጥርሱ ልክ ሆኖ ቀዳዳው በጭቃና በቀለም ከተዘጋ በትክክለኛው ቁጥር ማስኪዮ (የቀዳዳ ውስጥ ጥርስ ማውጫ) አጽዱት። ማስኪዮ ከሌላችሁ አንድ ትርፍ ብሎን ጥርሱ ላይ በርዝመቱ በሴጌቶ ሁለት ሦስት ቦይ አውጡለትና ዘይት ቀብታችሁ እያስገባችሁ እያወጣችሁ ተጠቀሙበት። ለጽዳት ይበቃል፤ አዲስ ጥርስ ግን አያወጣም።

ወደ ሱቅ ስትሄዱ ናሙናውን ብሎንና፣ ካለ፣ ዳዶውን ይዛችሁ ሂዱ። ከመጋላ እስከ ሳቢያን ስትዞሩ የምትጠይቁት «ኤም 10፣ ጥርሱ 1.25፣ ርዝመቱ 30፣ ጥንካሬው 8.8» ብላችሁ ይሁን። ሻጩ ግራ ከተጋባ ናሙናውን ስጡት፤ ያመጣላችሁን ዳዶ በናሙናው ብሎን ላይ፣ ያመጣላችሁን ብሎን በናሙናው ዳዶ ላይ እዚያው ባንኮኒው ላይ በጣታችሁ እስከ መጨረሻው አሽከርክሩ። ደቃቅ ጥርስ ያለው ብሎን ከግንባታ ዕቃ ይልቅ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። አንዳንድ ጊዜ ከሁሉም የሚሻለው ከተፈታ ተመሳሳይ መኪና ላይ የወጣ ያልተጎዳ የፋብሪካ ብሎን ነው፤ መሀሉ ካልቀጠነና ጥርሱ ካልተበላ ከአዲሱ ምልክት አልባ ብሎን እመርጠዋለሁ።

ስለ ቁልፍ ቁጥር ለማስታወስ ያህል፦ በጃፓን መኪና ላይ 8 ሚሊ ብሎን ብዙ ጊዜ በ12 ቁልፍ፣ 10 ሚሊ በ14፣ 12 ሚሊ በ17 ይፈታል። በድሮው የጀርመን ደረጃ እነዚሁ በ13፣ በ17 እና በ19 ይፈታሉ። በአዲሱ ዓለም አቀፍ ደረጃ ደግሞ በ13፣ በ16 እና በ18። አንድ የ17 ቁልፍ ሁለት የተለያየ ውፍረት የሚፈታው በዚህ ምክንያት ነው።

ሳልረሳው፣ የወንበር ቀበቶ የሚታሰርበት ብሎን የጃፓን መኪና ላይም ቢሆን ብዙ ጊዜ የኢንች ነው፦ 7/16 ኢንች፣ በኢንች 20 ጥርስ። ወንበር ሲቀየር ይህ ብሎን ከጠፋ በ10 ወይም በ12 ሚሊ ብሎን መተካት የለበትም። ሰው የሚይዝ ብሎን ነው።

ጭንቅላቱ ላይ የተጻፈው

ጥሩ ብሎን ጭንቅላቱ ላይ ሁለት ነገር አለው፦ የጥንካሬ ቁጥርና የአምራቹ ምልክት። 8.8 ሲል የመጀመሪያው 8 ብሎኑ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር እስከ 800 ኒውተን፣ ማለትም 80 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ሳይበጠስ እንደሚሸከም ይናገራል። ከነጥቡ በኋላ ያለው 8 ደግሞ የዚያ 80 በመቶ ላይ ሲደርስ ተለጥጦ ወደ ቦታው እንደማይመለስ ነው። በተግባር፦ ተራ ጥርስ ያለው 10 ሚሊ ብሎን 8.8 ከሆነ በቀጥታ ሲጎተት 4.7 ቶን ገደማ ላይ ይበጠሳል፤ 4.6 ከሆነ ግን 2.4 ቶን ገደማ ላይ። በዓይን ሲታዩ ሁለቱ መንትያ ናቸው። ምንም ያልተጻፈበትን ብሎን 4.6 ነው ብላችሁ ቁጠሩት፤ ለበርና ለጣሪያ ቆርቆሮ ይሁን፣ ሻንሲ ላይ ግን አታስገቡት።

የኢንች ብሎን ቁጥር የለውም፣ መስመር ነው ያለው። ሦስት መስመር ደረጃ 5 ነው፣ ለ8.8 ይቀርባል፤ ስድስት መስመር ደረጃ 8 ነው፣ ለ10.9 ይቀርባል። ቶዮታ የራሱ ልማድ አለው፦ ጭንቅላቱ ላይ 4 ወይም 7 የሚል ነጠላ ቁጥር ታያላችሁ። 7 ማለት በካሬ ሚሊ ሜትር 70 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ እሱን በ8.8 መተካት ይቻላል። 4 የሚለው በ8.8 ቢተካ ምንም አይልም።

ምን ያህል ጥንካሬ ያስፈልጋል? የወጣው ብሎን ላይ ካለው አታንሱ። አዲስ ዕቃ ከሆነ ለመወጣጫ፣ ለትርፍ ጎማ መያዣና ለፓራውልት 8.8 ይበቃል። ለመጎተቻ መንጠቆ ወደ 10.9 እሄዳለሁ። «12.9 ስጠኝ፣ ጠንካራውን» የሚል ደንበኛ አይጠፋም፤ ሻንሲ ላይ ግን ትርፉ ጥቂት ነው። እጅግ የጠነከረ ብሎን ጫና ሲመጣበት ከመለጠጥ ይልቅ በድንገት መሰንጠቅ ይቀናዋል፣ ዝገትም ይበልጥ ይጎዳዋል። የማይዝገው አይዝጌ ብሎንም ለማማር ካልሆነ አልመርጠውም፤ በገበያ የተለመደው ከ8.8 ይደክማል፣ ሲጠብቅም ጥርሱ እርስ በርስ ተጣብቆ አልፈታም ይላል።

የአምራች ምልክት የሌለበት፣ 8.8 ብቻ የተጻፈበት ብሎን ሲያጋጥማችሁ ተጠራጠሩ። የዓለም አቀፉ ደረጃ ሁለቱም እንዲኖሩ ይጠይቃል፤ ቁጥሩን መቅረጽ ግን ማንም ይችላል። ጥርጣሬ ካለ የብሎኑን ጫፍና የታወቀ 8.8 ብሎን ጫፍ በአንድ ሊማ ሞክሩ። የታወቀው ላይ ሊማው እየከበደው የተጠረጠረው ላይ በቀላሉ ከቆረጠ የተጠረጠረውን መልሱ። ይህ የላቦራቶሪ ፍተሻ አይሆንም፣ ግን እርሳስ የመሰለውን ብሎን ያጋልጣል።

ዳዶውንም አትርሱ። 8.8 ብሎን ከ8 ዳዶ፣ 10.9 ብሎን ከ10 ዳዶ ጋር ይሄዳል። ጠንካራ ብሎን በደካማ ዳዶ ላይ ገንዘብ ማባከን ነው።

ርዝመት

አስሉት። የፓራውልቱ መያዣ ላሜራ 6 ሚሊ፣ ሻንሲው 3 ሚሊ፣ ከላይና ከታች ሁለት ሮንዴላ 4 ሚሊ፣ ዳዶው 8 ሚሊ። ድምሩ 21 ነው። ከዳዶው ውጭ ሁለት ሦስት ጥርስ መታየት አለበት፤ 4 ሚሊ ጨምሩ፣ 25 ሆነ። 25 ካልተገኘ 30 ትገዛላችሁ። 60 ገዝቶ ትርፉን ተንጠልጥሎ መተው ሥራ አይደለም፤ ድንጋይ ይመታዋል፣ ጎማ ሲዞር ይነካዋል። በተበየደ ዳዶ ውስጥ ለሚገባ ብሎን ቢያንስ የብሎኑን ውፍረት ያህል ጥርስ መያዝ አለበት፦ ለ10 ሚሊ 10 ሚሊ። ረዝሞ ሻንሲው ውስጥ ያለፈ የፍሬን ቱቦ ወይም ሽቦ እንዳይነካም ተጠንቀቁ።

አዲስ ቀዳዳ ማውጣት ካስፈለገ

በመጀመሪያ አታውጡ። ፋብሪካው የተዋቸው ቀዳዳዎች ብዙ ናቸው፤ መያዣውን ከእነሱ ጋር ማስማማት ይሻላል። ግድ ከሆነ ከሻንሲው ጎን፣ ከመሀል አካባቢ ቀዱ። የላይኛውንና የታችኛውን ጠርዝ አትንኩ፤ መኪናው ሲጫንና ሲነጥር ብረቱ በጣም የሚወጠረው እነሱ ላይ ነው፣ ስንጥቅም የሚጀምረው ከእዚያ ነው። ከመቅደድ በፊት ከጀርባ ምን እንዳለ በእጃችሁ ዳስሱ። ለ10 ሚሊ ብሎን የ11 ፑንታ፣ ለ12 ሚሊ የ13.5 ፑንታ ይሆናል። በትራፓኖ ቅደዱ፤ በኦክስጅን እሳት ቀዳዳ የሚነፋ ሰው ካጋጠማችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። እሳቱ ቀዳዳውን ያወላግዳል፣ ዙሪያውን ያለውንም ብረት ያበላሻል። ጠርዙን በሊማ አለስልሱና ፀረ ዝገት ቀለም ቀቡት፤ ባዶ ብረት አትተዉ።

ሻንሲው የተዘጋ ሳጥን ከሆነና ብሎኑ ከወዲያ ወዲህ የሚያልፍ ከሆነ ውስጡ ቱቦ ያስፈልጋል። አለዚያ ዳዶውን ባጠበቃችሁ ቁጥር ሁለቱ የሳጥኑ ግድግዳዎች ወደ ውስጥ ይጨመቃሉ፣ ብሎኑም መቼም ጠበቀ አይባልም። ቱቦው በሳጥኑ የውስጥ ስፋት ልክ የተቆረጠ፣ ብሎኑ የሚያልፍበት ወፍራም ቱቦ ነው፤ ቶርኖ ቤት በአጭር ጊዜ ይሠራላችኋል። ባቡር በ1902 እ.ኤ.አ. ገብቶ ትልቁን ጥገና ቤቱን የተከለባት ከተማ ናትና ድሬ ላይ የቶርኖ ሙያ ሥሩ ጥልቅ ነው፤ ልኩን በወረቀት ስላችሁ ስጡ።

የአይሱዙና የሌሎች ጭነት መኪኖች ሻንሲ በሪቬት የተያያዘ ቦታ አለው። ሪቬት ከላላ በዚያው ቀዳዳ ልቅ የሆነ ብሎን መክተት አይበቃም፤ ሪቬት ቀዳዳውን ሞልቶ ነው የሚይዘው። ቀዳዳው ተስተካክሎ ብሎኑ በጥብቅ የሚገባ፣ ጥንካሬውም ከፍ ያለ መሆን አለበት።

እንዳይላላ

ስፕሪንግ ሮንዴላ ሁሉ ሰው የሚያምነው ነገር ነው፤ እኔ አላምነውም። በ1969 እ.ኤ.አ. ገርሃርድ ዩንከር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ብሎን የሚፈታው በዋናነት የታሰሩት ብረቶች ወደ ጎን ሲንሸራተቱ መሆኑን አሳየ። በዚያ ዓይነት መንቀጥቀጥ ላይ ስፕሪንግ ሮንዴላ ብዙም አይረዳም። የሚረዳው በበቂ ጥንካሬ የጠበቀ ብሎን ነው፤ ብረቶቹ ካልተንሸራተቱ ብሎኑ አይዞርም። ከዚያ በተጨማሪ ውስጡ ናይለን ያለው ዳዶ ጥሩ ነው፣ ማርሚታ (የጭስ ማውጫው) አጠገብ ግን አይሆንም፤ ናይለኑ ከ120 ዲግሪ ገደማ በላይ አይቋቋምም። እዚያ ሙሉ ብረት የሆነ መቆለፊያ ዳዶ አድርጉ። ለተበየደ ዳዶ ሰማያዊው የጥርስ ማጣበቂያ ይሻላል፤ ከዘይት የጸዳ ጥርስ ላይ ጠብታ ይበቃል። ቀዩን አትጠቀሙ፣ ሲፈታ እሳት ይጠይቃል።

የማጥበቂያ ልክ፦ ለ8.8 ብሎን 8 ሚሊው 25፣ 10 ሚሊው 50፣ 12 ሚሊው 85 ኒውተን ሜትር ገደማ። ለ10.9 ወደ 35፣ 70 እና 120 ይጠጋል። የመኪናው መመሪያ ሌላ ቁጥር ካለው እሱን ተከተሉ። ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ጉልበት የሚለካ ቁልፍ) ከሌላችሁ ስሌቱ ይህ ነው፦ 50 ኒውተን ሜትር ማለት እጃችሁ ከብሎኑ 25 ሳንቲ ሜትር ርቆ ቁልፉን ሲይዝ 20 ኪሎ ያህል መሳብ ነው። በሃያ ኪሎ ዕቃ ክብደት እጃችሁን አለማምዱት። ቱቦ ሰክቶ በሙሉ ክብደት መንጠልጠል 8 ሚሊ ብሎንን ወዲያው ይለጥጠዋል። ጥርሱን ግራሶ ከቀባችሁ ደግሞ ልኩን በአምስት አንድ ገደማ ቀንሱ፤ ግራሶ ሰበቃውን ስለሚቀንሰው በተመሳሳይ ጉልበት ብሎኑ ይበልጥ ይወጠራል። ወደ ጅቡቲ ለሚመላለስ መኪና ግን ግራሶው ይቅር አልልም። የባሕሩ ጨዋማ አየር ያልተቀባ ብሎንን ከዳዶው ጋር አንድ ያደርገዋል። እዚያ ለሚሄድ መኪና ተራ ጥቁር ብሎን ሳይሆን ዚንክ የተነከረ ግዙ፣ ከታሰረም በኋላ ጭንቅላቱን ቀለም ቀቡት።

ብዙ ብሎን ያለበትን ዕቃ ስታስሩ ሁሉንም በጣት አስገቡ፣ ከዚያ በመስቀለኛ ተራ ግማሽ አጥብቁ፣ መጨረሻ ላይ ሙሉ ልኩን ስጡ። አንዱን ጥግ መጀመሪያ ጨርሳችሁ ካጠበቃችሁ የተቃራኒው ቀዳዳ አይገናኝም፤ ያኔ ብሎኑን በመዶሻ ለማስገባት የሚሞክር ሰው አይጠፋም።

ካጠበቃችሁ በኋላ ከዳዶው ወደ ላሜራው የሚያልፍ አንድ ቀጭን የቀለም መስመር አስምሩ። የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ ወርዳችሁ፣ ጭነትም ተጭኖ ከተመለሰ በኋላ ተንበርክካችሁ መስመሩን እዩ። ከተሰበረ ዳዶው ዞሯል። መስመሩ ሳይሰበርም ቢሆን አዲስ ቀለም ከሥሩ ስለሚጨመቅ ብሎኑ ትንሽ ሊላላ ይችላል፤ ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ሁሉንም እንደገና በልኩ ንኩ። ናይለን ዳዶ ከፈታችሁ በአዲስ ተኩት። የገዛችሁትን ብሎን ትርፍ ሁለት ጨምራችሁ በፕላስቲክ ከረጢት አድርጉና ላዩ ላይ ውፍረቱን፣ ጥርሱን፣ ርዝመቱንና ጥንካሬውን ጽፋችሁ መሳቢያው ውስጥ አስቀምጡት።